ሌባውን ተዉት፣ ውኃው ነው የሚወስዳችሁ

ጥር ሲገባና ፋሲካ ሲፈታ የቴሌግራም ቻናሎቻችን ሁሉ አንድ ዓይነት ፎቶ ይለጥፋሉ። ነጭ አሸዋ፣ ዘመም ያለ የኮኮናት ዛፍ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ባሕሩን የምታይ ሙሽራ። ከሥሩ «ዛንዚባር! 4 ቀን፣ 3 ሌሊት፣ ቁርስን ጨምሮ! ቦታው ሳይሞላ ይደውሉ!» ይላል። ከአዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ገደማ በረራ ሕንድ ውቅያኖስ ዳር ነን ማለት ነው።

ደስ ይላል! አትሂዱ ልንል አልተነሳንም። ባሕር በካርታ ብቻ እያየ ላደገ ትውልድ፣ እግሩን ጨዋማ ውኃ ውስጥ መንከር ደግ ነገር ነው። እኛን የነቀለን ከፎቶው ቀጥሎ የሚመጣው ምክር ነው። «ሰላማዊ የደሴት ሽርሽር እንዲኖራችሁ» ይልና ይቀጥላል፦ ፓስፖርታችሁን ደብቁ፣ ወርቅ አታድርጉ፣ ዶላር ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ የአካባቢውን ልጆች አታናግሩ፣ ማንንም አትመኑ። ከአሥሩ ምክር ስምንቱ ስለ ሌባ ነው። ዘጠነኛው ስለ ፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ አሥረኛው ደግሞ «ብዙ ፎቶ ማንሳት አትርሱ» የሚል።

ይሄ ምክር ከየት መጣ? ከፈረንጅ ነው የተቀዳው። ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ዋና ሲማር ያደገ፣ ትምህርት ቤቱ ገንዳ የነበረው፣ ውኃ የማያስፈራው ሰው ለራሱ ቢጤ የጻፈው ምክር ነው። እሱን የሚያስፈራው ጥቁር ሰው ነው። እኛ ደግሞ ቁጭ ብለን ቃል በቃል እንተረጉመዋለን። መርካቶ ተወልዶ ያደገ ልጅ፣ አውቶቡስ ተራ ሞባይሉን በጥርሱ ይዞ ያለፈ ልጅ፣ ዛንዚባር ውስጥ ኪስህን ጠብቅ ሲባል ትንሽ አያስቅም?

ሌባ የለም አላልንም። በምሽት ጭር ባለ የባሕር ዳር ብቻን መሄድ የትም አገር ሞኝነት ነው። ስቶን ታውን ውስጥ እግር በእግር እየተከተሉ «ወንድሜ፣ የቅመም እርሻ ላሳይህ» የሚሉትን ልጆች የከተማው ሰው ራሱ «ፓፓሲ» ይላቸዋል፤ መዥገር ማለት ነው። ይጣበቃሉ፣ ዋጋ ይቆልላሉ፣ ያናድዳሉ። በትሕትና «ሀፓና፣ አሳንቴ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብሎ መንገድን መቀጠል ነው። ቢበዛ የሚወስዱባችሁ ብር ነው።

ውኃው ግን እናንተን ነው የሚወስደው።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 300,000 ገደማ ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ከአሥሩ ዘጠኙ እንደኛ ዓይነት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። ለዚህ ባሕር አያስፈልግም፤ ወንዝ፣ ሐይቅ፣ የኮንስትራክሽን ጉድጓድ ይበቃል። ከሐይቆቻችን ዳር ለመዝናናት ሄዶ ያልተመለሰ የሰፈር ልጅ የማያውቅ የአዲስ አበባ ወጣት ካለ እጁን ያውጣ። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን ያወረሱን ሰዎች ነገሩን አሳምረው ያውቁታል። ችግሩ፣ ከተረቱ ጋር ያወረሱን መፍትሔ «ውኃ አጠገብ አትድረስ!» የሚል ብቻ መሆኑ ነው። እሺ ብለን ሳንደርስ አደግን። አሁን ግን ደሞዝ አለን፣ ፓስፖርት አለን፣ ደረስን።

እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ሲዋኝ አገር ምድሩ ምን ያህል እንደሳቀበት ታስታውሳላችሁ። ስለ ሰውነቱ ተቀለደ፣ ስለ አመራረጡ ተጻፈ። ስለ አመራረጡ መጠየቁ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ያን ቀን ከሳቀው መሐል 100 ሜትር ይቅርና 25 ሜትር ዋኝቶ የገንዳውን ጠርዝ መያዝ የሚችለው ስንቱ ነው? ይሄው ሳቂ ነው ዛሬ በጫጉላ ጥቅል ምኔምባ ደሴት አጠገብ ከጀልባ ወደ ጥልቅ ውኃ «ዝለል!» የሚባለው።

ስለዚህ የእኛ የመጀመሪያ ምክር አዲስ አበባ ውስጥ የሚፈጸም ነው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ገንዳ ፈልጉ፣ አሰልጣኝ ያዙ። ዋና ለመቻል ጊዜ ይፈጃል፤ በጀርባ ተኝቶ መንሳፈፍ ግን በጥቂት ቀን ይለመዳል። ጆሮን ውኃ ውስጥ መንከር፣ አገጭን ወደ ሰማይ፣ እጅን ዘርጋ፣ ትንፋሽን ረጋ። ይሄ ብቻውን የሰው ነፍስ ያተርፋል። የሙሽራዋ ቀሚስ ኪራይ ስንት እንደሆነ ስለምናውቅ «ለአሰልጣኝ ብር የለንም» የሚለውን ክርክር አንሰማም።

ሁለተኛው፣ የምታርፉበትን ዳርቻ ባሕሪ ማወቅ ነው። ቅናሽ የሚለጥፉልን ሰዎች ጨርሶ የማያነሱት ነገር አለ። የዛንዚባር ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃዋ ሙሉ ወይም አዲስ በሆነችበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት መንደሮች፣ ጠዋት ከሆቴሉ ደጃፍ የነበረው ውኃ ከሰዓት በኋላ በዓይን እስኪርቅ ይሸሻል። ያኔ ሰው ሁሉ በእግሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ፎቶ ለማንሳት ግሩም ነው። ውኃው ሲመለስ ግን ከፊት ለፊት ብቻ አይመጣም፤ ከኋላችሁ ያሉትን ጎድጓዳ ቦታዎች ቀድሞ ይሞላና እናንተን መሐል ላይ ያስቀራችኋል። ከስድስት ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው ከጥግ እስከ ጥግ የሚለዋወጠው። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚገፋ የትናንቱን ይዛችሁ ዛሬ አትውጡ፤ የሆቴሉን ሠራተኛ ጠይቁ። በዚያ ዳርቻ የባሕር አረም የሚያለሙ ሴቶች አሉ፤ ውኃው ሲሸሽ ገብተው ይሠራሉ። እነሱ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ መሬት መመለስ ከጀመሩ፣ የእናንተም የፎቶ ሰዓት አብቅቷል። ከሰዓት ሰዓት ሳይቆጥር መዋኘት የፈለገ በሰሜን በኩል ያሉትን ኑንግዊንና ኬንድዋን ይምረጥ፤ እዚያ ባሕሩ ብዙም አይሸሽም።

ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ከያዛችሁ ፊት ለፊት ከእሱ ጋር አትታገሉ። ጅረቱን የሚያሸንፍ ጉልበት የለም፤ ደክሞት የሚሞተው ታጋዩ ነው። በጀርባ ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንስታችሁ እርዳታ ጥሩ፣ ከቻላችሁ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ወደ ጎን ውጡ። አብዛኛው የደሴቲቱ ዳርቻ ነፍስ አድን ጠባቂ እንደሌለውም ከወዲሁ ዕወቁት።

የሚሰጥም ሰው ደግሞ እንደ ፊልም አይጮኽም። አፉ ውኃው ላይ ነው፤ ለትንፋሽ እንጂ ለጩኸት አይበቃውም። ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ቆሞ ደረጃ የሚወጣ ሲመስል ካያችሁት እየሰጠመ ነው። እና እባካችሁ፣ ዋና የማይችል ሰው ተከትሎ አይዝለል። አንድ ቀብር ሁለት የሚሆነው በዚህ ነው። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት፤ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ቢጫ ጄሪካን እንኳ ሰው ይሸከማል። ካወጣችሁት በኋላ ሆዱን እየጨመቁ፣ በእግሩ እየዘቀዘቁ ውኃ ለማስተፋት መሞከር ይቅር። የማይተነፍስ ከሆነ መጀመሪያ የሚፈልገው ትንፋሽ ነው፤ አፍ ለአፍ አምስት ጊዜ፣ ከዚያ ደረቱ ላይ 30 ግፊት ከ2 ትንፋሽ ጋር እያፈራረቁ እርዳታ እስኪደርስ። በታንዛኒያ የአደጋ ጥሪ ቁጥሩ 112 ነው።

ስለ ላይፍ ጃኬት ስናወራ ግን ከሌላ ደሴት መጀመር አለብን፤ ይሄ ታሪክ የራሳችን ነውና። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1996) ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 በሦስት ጠላፊዎች እጅ ወደቀ። አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢነግራቸውም አልሰሙም፤ ነዳጁ አለቀና አውሮፕላኑ ኮሞሮስ ውስጥ ጋላዋ የሚባል የመዝናኛ ሆቴል ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ አረፈ። ከዳርቻው በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት፣ ለሽርሽር በመጡ ሰዎች ዓይን ሥር። ተሳፍረው ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። የሆቴሉ እንግዶችና ጠላቂዎች በጀልባ እየወጡ የቻሉትን ያህል አተረፉ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከሟቾቹ መሐል ግጭቱን የተረፉ ብዙዎች ነበሩ። ላይፍ ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ እንዳሉ ነፉት። ውኃው ሲገባ የተነፋው ጃኬት ወደ ጣራው አንሳፈፋቸው፤ ጠልቀው በበሩ መውጣት አልቻሉም። እንዳይነፉት ተነግሮ ነበር። ከመነሳት በፊት አስተናጋጇ ቆማ «ከአውሮፕላኑ ሲወጡ ብቻ ይንፉ» የምትለው ለዚህ ነው። እኛ ደግሞ እሷ ስታሳይ የራሳችንን ፎቶ እንለጥፋለን። የዛንዚባር በረራ ላይ የተቀመጠ የኢትዮጵያ ልጅ ሁሉ ያንን የሁለት ደቂቃ ማሳያ ቀና ብሎ ማየት የሟቾቹ ዕዳ ያለበት ይመስለናል።

በጀልባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጃኬቱን ገና ሳትሳፈሩ ልበሱት፣ ማሰሪያውን አጥብቁት። «ሙቀት ነው፣ ፎቶ ያበላሻል» አይሠራም። ባለ ጀልባው ለሁሉም የሚበቃ ጃኬት ከሌለው ቀብድ ከፍላችሁም ቢሆን ውረዱ። መርከብም ቢሆን ያው ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መስከረም 10፣ 2011) እኛ የዘመን መለወጫ በግ ስንጎትት፣ «ስፓይስ አይላንደር» የተባለችው መርከብ ከዛንዚባር ወደ ፔምባ ስትሄድ ሰጠመች። ከአቅሟ በላይ፣ እጅግ በላይ ጭና ነበር። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ደግሞ «ስካጊት» የምትባል ሌላ መርከብ ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር ስትመጣ በኃይለኛ ነፋስ ተገለበጠች። ሰው ላይ ሰው ሲጫን ካያችሁ ቀጣዩን ጠብቁ። ታክሲ ላይ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የለመደ ሰው ይሄ ይከብደዋል፤ ታክሲ ግን አይሰጥምም።

እንግዲህ ወደ ጥቅል ሻጮቹ እንምጣ። ሁሉንም አንወቅስም፤ ሥራቸውን የሚያውቁ አሉ። ነገር ግን ገንዘባችንን ተቀብለው የሚሰወሩት ሞልተዋል። ከፋሲካ በኋላ የሚለጠፈውን «ልዩ ቅናሽ» ለምን ልዩ እንደሆነ ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ? ከመጋቢት እስከ ግንቦት በዛንዚባር ትልቁ የዝናብ ወቅት ነው፤ «ማሲካ» ይሉታል። ዶፍ ይወርዳል፣ ባሕሩ ይናወጣል፣ አንዳንዱ ሆቴልም ይዘጋል። ዋጋው የወረደው ስለወደዷችሁ አይደለም። ባይሆን ጥር ላይ ያገባችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ያኔ ደረቅ ነው።

ሌላም የማይነግሯችሁ አለ። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ከዚህ ለሚሄድ ሰው የክትባቱ ቢጫ ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። የበረራው ዋዜማ ዕለት ሮጦ መከተብ ለወረቀቱም ለሰውነትም አይጠቅምም። አንዴ የተከተበ ግን ዕድሜ ልኩን ይበቃዋል፤ ደንቡ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ እንደዚያ ነው። ያለ ክትባት ካርዱን «የሚያሠሩላችሁ» ሰዎችም ይገጥሟችኋል። እንዲህ ያለውን ወረቀት የገዛ ሰው የገዛው በሽታ ነው። ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ጎብኚ 44 ዶላር ከፍሎ የደሴቲቱን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታው ነው። በጥቅሉ ዋጋ ውስጥ ተካቷል? ቪዛውስ? ቀብድ ሳትሰጡ በጽሑፍ አስመልሱ። ዳር ዳር የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቻናሉን ዘግታችሁ ውጡ።

በየብስም ሞት አለ። ዛንዚባር መኪና በግራ በኩል ነው የሚነዳው። እኛ መንገድ ስናቋርጥ አንገታችን በልማድ መጀመሪያ ወደ ግራ ይዞራል፤ እዚያ የሚገድላችሁ ከቀኝ ይመጣል። እዚህ አገር ሞተር ይዞ የማያውቅ ሰው እዚያ በቲሸርትና በነጠላ ጫማ ስኩተር ተከራይቶ፣ ያውም በተገለበጠ መንገድ፣ ፍቅረኛውን ከኋላ አስቀምጦ ሲበር ማየት የተለመደ ነው። የአካባቢው የመንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሄልሜት ለሁለታችሁም ያስፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ሞተር መንዳት መቻል ያስፈልጋል። ሦስቱ ካልተሟሉ ታክሲ ያዙ።

የቀረውን እንሩጥበት። ኮራሉ ላይ በባዶ እግር አትሂዱ፤ የባሕር ጃርት እሾህ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ውድ ጫማ አያስፈልግም፣ የኛው ኮንጎ ጫማ ለዚህ የተፈጠረ ነው። «ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አያቃጥለውም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው፤ ያቃጥላል፣ ሙቀቱ ደግሞ ቀለም አይመርጥም። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ በጋቢ ያደገ ሰው የዛንዚባር ወበቅ በአንድ ቀን አይለምደውም፤ ውኃ ጠጡ፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፈልጉ፣ ኦ አር ኤስ ይዛችሁ ሂዱ። በፎሮዳኒ የማታ ገበያ ዓይናችሁ እያየ የተጠበሰውን ብሉ፤ ተጠብሶ ተቀምጦ የሚሞቀውን ተዉት። ጥሬ ሥጋ የለመደ ሆድ ሁሉን ይችላል የሚል ካለ ይሞክረውና መጸዳጃ ቤት ሆኖ ይጻፍልን። ጠጥቶ ባሕር መግባት የለም፣ በቃ። በጋዝ ጠልቃችሁ ከዋላችሁ ደግሞ ከበረራው በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ቆዩ። ለነገሩ አዲስ አበባ ራሷ የአውሮፕላን ውስጥ አየር ያህል ከፍታ ላይ ነች፤ ቤታችሁ መግባታችሁ መውረድ አይደለም።

እዚህ ድረስ ያነበበ አንድ ወዳጃችን «እናንተ ሟርተኞች! ሰው ሊዝናና ነው የሚሄደው፣ ሊፈተን ነው?» አለን። መልሳችን አጭር ነው። ይሄ ሁሉ ምክር ከጉዞው ላይ የሚቀንሰው ደስታ የለም። ውኃ ውስጥ መንሳፈፍ የሚችል ሰውና ወገቡ ድረስ ገብቶ እየተንቀጠቀጠ ፎቶ የሚነሳ ሰው፣ ባሕሩን ያየው የትኛው ነው? እስከ ዛሬ «ተጠንቀቁ» ሲባል «ራቁ» ማለት ስለመሰለን ነው ነገሩ ሟርት የሚመስለን። ደግሞ ጥንቃቄውን ሁሉ በባለ አገሩ ላይ ያደረገ ሰው፣ ውኃው ሲወስደው ቀድሞ በጀልባ የሚደርስለት ያ «አትመኑት» የተባለው የመንደሩ ዓሣ አጥማጅ እንደሆነ አስቦበት ያውቃል?

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ከተመለሳችሁ በኋላ የሚሆን። ዛንዚባር ወባን በጣም ቀንሳዋለች፣ አላጠፋችውም። ወደ ዋናው ምድር ተሻግሮ ሳፋሪ ያየ ደግሞ ሥጋቱ ይጨምራል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የወባ መከላከያ አቅም የለውም፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ከጉዞው በፊት ሐኪሟን የግድ ታማክር። አጎበር፣ ማታ ረጅም እጅጌ፣ ሐኪም ያዘዘው መከላከያ ክኒን፤ ክኒኑ ከተመለሳችሁም በኋላ የሚቀጥል ስለሆነ «ቤቴ ገባሁ» ብላችሁ አታቋርጡት። ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከወር ከሁለት ወር በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ከተሰማችሁ፣ በከተማችን ክሊኒኮች የሚጠብቃችሁን ታውቃላችሁ፦ «ታይፎይድና ታይፈስ»። የሠርጉን ድካም፣ የአየሩን ለውጥ ምክንያት እያደረጋችሁ ቀን አትቁጠሩ፤ ከታንዛኒያ የሚመጣው የወባ ዓይነት በአብዛኛው ገዳዩ ፋልሲፓረም ነው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጭንቅላት ይደርሳል። ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «ዛንዚባር ነበርኩ፣ የወባ ደም ምርመራ እዘዝልኝ» በሉት። ውጤቱ «የለም» ቢል ትኩሳቱ ግን ካልለቀቃችሁ፣ በማግስቱ ተመልሳችሁ ድጋሚ ስጡ።